የእናቴ ጭንና የኮረንቲው ማሽን

ጥያቄ፦ እናቴ 76 ዓመቷ ነው። ክረምት ላይ ወድቃ ሁለት ወር ከተኛች ወዲህ ጭኗ አልቋል፤ ቀሚሱ ላይዋ ላይ ይንጠለጠላል። ከዱካ ለመነሳት እጄን ትይዛለች። ወንድሜ ከአሜሪካ ጭን ላይ የሚለጠፍ የጡንቻ ማነቃቂያ ማሽን ላከ። እሷ «በኮረንቲ ልትጨርሱኝ ነው?» ብላ እምቢ አለች። ይጠቅማታል?

መልስ 1፦ እህቴ፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ልባቸው ላይ ፔስሜከር (የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ) ካለ እንዳታስነኪያቸው። ማሽኑ ነርቩን ቀስቅሶ ጡንቻውን ያኮማትራል። አልጋ ላይ ለዋለ፣ የጉልበቱ ጅማት ለተበጠሰ ሰው ጥሩ ነው። መነሳት ለሚችል ግን መነሳቱ ይበልጣል። ክንዳቸውን አጣጥፈው ከወንበር 5 ጊዜ ተነስተው ይቀመጡ፤ አጠገባቸው ሆነሽ ሰዓት ያዢ። ከ15 ሰከንድ ካለፈ ጡንቻቸው ደክሟል ማለት ነው።

መልስ 2፦ ሳጥኑን እይው። ቴንስ ከሆነ የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ጡንቻ አይገነባም። እኛ ለአባቴ ሦስት ሳምንት ለጥፈን ነው የነቃነው! ጡንቻ ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ጾመኛ ከሆኑ ደግሞ ሽሮውን፣ ምስሩን ወፈር አድርጊላቸው።

ጠያቂዋ፦ ፔስሜከር የላትም። 22 ሰከንድ ፈጀባት። አራተኛው ላይ «ስግደት ነው እንዴ?» አለችኝ። ነገም እናሰግዳታለን።