አባቴ ቁልቁል ማየት ተሳናቸው፤ ወደ ኋላም ይወድቃሉ

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና
ጤና ይስጥልኝ። በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙት አባቴ ካለፈው ዓመት ወዲህ እንቅፋት ሳይመታቸው እንደ ቆሙ ወደ ኋላቸው ይወድቃሉ። ዓይናቸውም ቁልቁል አልታዘዝ ስላላቸው፣ ማዕድ ሲቀርብ ከፊታቸው የተጨለፈውን ወጥ ትተው ራቅ ያለውን የእንጀራ ጠርዝ ይቆርሳሉ። መነጽር ቢቀየርላቸውም አልረዳቸውም። ፓርኪንሰን የተባለው፣ ብዙ ጊዜ እጅ የሚያንቀጠቅጠው የአንጎል ሕመም ነው ተብሎ የታዘዘላቸውን ሌቮዶፓ የተባለ መድኃኒት ለወራት ቢወስዱም ይህ ነው የሚባል ለውጥ የለም፤ እጃቸው ደግሞ አይንቀጠቀጥም። ዘመዶቻችን ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ውሰዷቸው ይላሉ። ሕመሙ ምን ሊሆን ይችላል?

ምላሽ፦ የጤና ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን
ሳይመረመሩ በሩቅ ቁርጥ ያለ ነገር መናገር አይገባም፤ ሆኖም ገና ከጅምሩ ወደ ኋላ መውደቅ፣ ቁልቁል ማየት መሳንና በሌቮዶፓ አለመሻል አንድ ላይ ሲገኙ፣ ፕሮግሬሲቭ ሱፕራኑክሊየር ፓልሲ የተባለው እምብዛም የማያጋጥም የአንጎል ሕመም ሊጠረጠር ይገባል። ስቲል፣ ሪቻርድሰንና ኦልሸቭስኪ የተባሉ ሐኪሞች በካናዳ ሆነው በ1964 እ.ኤ.አ. ለይተው የገለጹት ሲሆን፣ ታው የተባለ ፕሮቲን በአንጎል ሴሎች ውስጥ እየተጠራቀመ በተለይ መካከለኛውን አንጎል ያመነምናል። የዓይን ጡንቻዎቹ ጤነኞች ናቸው፤ የጎደለው ከበላይ የሚመጣላቸው ትእዛዝ ነው። ለዚህም ነው ሕመምተኛው አንድ ነገር ላይ ትኩር ብሎ ሳለ ሐኪሙ ራሱን በቀስታ ቀና ሲያደርገው፣ በፈቃዱ መውረድ ያቃተው ዓይን ሲወርድ የሚታየው። መነጽር ያልረዳቸውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ወደ ነርቭ ስፔሻሊስት ይውሰዷቸው፤ ኤም አር አይ የተባለው የምስል ምርመራ የአንጎሉን መመንመን ሊያሳይ ይችላል። ሕመሙን የሚያቆም መድኃኒት እስካሁን የለም፤ ሌቮዶፓውን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ በድንገት አያቋርጡት።

ምላሽ፦ አክስቷን ያስታመመች፣ ከመሐል ሜዳ
እግዚአብሔር ይማርልዎ። አጥብቄ የምመክርዎ አመጋገባቸውን እንዲጠብቁ ነው። ውኃ ከአጥሚት ይልቅ ቶሎ ትን ያስብላቸዋል፤ ወደ ሳንባ የሚገባው ምግብና መጠጥ የሚያመጣው የሳንባ ምች ደግሞ ከመውደቅ ባልተናነሰ ያሰጋል። ስለዚህ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ዝቅ አድርገው ጥቂት በጥቂት ይጠጡ፤ ጠበሉንም እንዲሁ፣ እሱ ከሕክምናው ጋር አይጣላምና። ሰሃናቸውን ከፍ ባለ ነገር ላይ ያስቀምጡላቸው። ከዘራ ወደ ኋላ የሚወድቅን ሰው ስለማይደግፍ፣ ሲነሡ አንድ ሰው ከኋላቸው ይቁም። ሲጠየቁ መልሳቸው ቢዘገይም እንደ ቁጣ አትቁጠሩት፤ ሕመሙ ሐሳብንም ያዘገያል።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለልጆች ይተላለፋል?

የጤና ባለሙያው፦
አብዛኛውን ጊዜ በዘር አይተላለፍም፤ በአንድ ቤተሰብ ተደጋግሞ የሚታየው እጅግ ጥቂት ነው። ለቀጠሮው ግን መውደቅ የጀመሩበትን ጊዜና የወሰዱትን የመድኃኒት መጠን ጽፈው ይያዙ፤ ሐኪሙ ከፓርኪንሰን የሚለየው በእነዚህ ጭምር ነው።