«አንድ ደመወዝ ካወቁበት ይበቃል»? የአዲስ አበባ ወላጆች ክርክር

የሰሚቷ፦ ትናንት ማታ አባ መላ እዚሁ ግሩፕ ላይ የለጠፈውን አንብቤ ተናድጄ ነው የመጣሁት። ላላነበባችሁት ቃሉ ይኸው፦ «አዲስ አበባም ቢሆን አንድ ደመወዝ ካወቁበት ይበቃል። የጎደለን ብር ሳይሆን አያያዝ የምታውቅ ሚስት ናት።» እኔ ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ወዲህ ሥራ አቁሜያለሁ። የምንተዳደረው በባለቤቴ ደመወዝ ብቻ ነው። ኪራይ እንከፍላለን። ትልቋ ኬጂ ገብታለች። የዘይት ጀሪካን ዘቅዝቄ ጠብታ የምጠብቀው እኔ ነኝ። ፓምፐርስ ሲወደድ ቀን ቀን ወደ ጨርቅ የመለስኩት እኔ ነኝ። እስቲ ወንድሜ፣ ያላወቅኩበት የቱ ጋ ነው?

አባ መላ፦ እህቴ፣ ስምሽን ጠርቻለሁ? እናቶቻችን በአንድ ወታደር ደመወዝ ስምንት ልጅ አሳድገዋል። ዛሬ ሁለት ልጅ ይዘን ሰማይ ተደፋብን እንላለን። ሽንኩርት ከሰፈር ሱቅ በኪሎ ከመግዛት ሦስት ጎረቤት ሆኖ እሁድ ገበያ መሄድ ነው። በርበሬም እንደዚያው፤ ዛላውን ገዝቶ፣ ቀንጥሶ፣ ማስፈጨት። የተፈጨ እየገዙ ማማረር ምን ይባላል?

ቀልደኛው፦ ጎሽ! አከራዬ ኪራዩን በሽንኩርት ይቀበል እንደሆነ ዛሬውኑ እጠይቀዋለሁ።

የቱሉ ዲምቱው፦ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከመስከረም 2018 ጭማሪ በኋላ የዲግሪ መነሻ 11,500 ሆኗል፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሲወራ ብዙ ይመስላል። ግብርና ጡረታ ተቆርጦ እጅ ላይ ምን እንደሚቀር ሒሳብ ሹም ይንገራችሁ። እኔን ያቆመኝ የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶብሱ ነው። ጠዋትና ማታ ታክሲ ብከፍል ኖሮ በርበሬ የምቀነጥስበት ምክንያት አይኖርም ነበር፤ የምበላበት እንጀራ የለማ!

ሒሳብ ሹም፦ ከ11,500 ላይ ግብሩ 2,100፣ ጡረታው 7 በመቶ ማለትም 805 ብር። የሚቀረው 8,595 ነው። ግን አባ መላ ያላነሳው አንድ ነገር አለ። የእኛ ግብር የሚቆረጠው ከሰው እንጂ ከቤተሰብ አይደለም። በ2017 በተሻሻለው አዋጅ የመጀመሪያው 2,000 ብር ነፃ ነው፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። ባል ብቻውን 20,000 ቢያገኝ ግብሩ 4,950 ነው። ባልና ሚስት አሥር አሥር ሺህ ቢያገኙ ሁለቱም ተደምሮ 3,300 ነው። ከመቆረጡ በፊት 20,000 ያው ነው። ልጆቹም ያው ናቸው። በአንድ ደመወዝ የሚኖረው ግን በየወሩ 1,650 ብር ይበልጥ ይከፍላል። ይህን በምን አያያዝ ታድነዋለህ?

አባ መላ፦ አሁን አንተ ሚስቶች ሥራ ይውጡ እያልክ ነው?

ሒሳብ ሹም፦ እኔ የደመርኩት ቁጥር ነው። ሚስት ውስጡ አስገብቻለሁ?

ቀልደኛው፦ አስገብተሃል። አሥር ሺህ የምታገኘዋ እሷ ናት።

እትዬ ጥሩ፦ ልጆቼ፣ «እናቶቻችን» ስትሉ እኔን ነው። ባለቤቴ ወታደር ነበር። ልጆችም ወልጃለሁ፣ ስምንት ባይሞሉም። ታዲያ በደመወዙ ብቻ ማን አሳደገ? ጠላ እጠምቅ ነበር። ለቡና ቤት እንጀራ እጋግር ነበር። ምጣዱ ሌሊት ነው የሚጣደው፣ ጭሱ ዓይኔን ጨርሶታል። ቤታችን የቀበሌ ነበር። በ1967 ትርፍ ቤት ሲወረስ ኪራዩም አብሮ ወረደ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኪራይ አስቤ ያደርኩበት ሌሊት የለም። ስኳሩም ጤፉም ከቀበሌ ሱቅ በካርድ ነበር። አባ መላ ልጄ፣ ያንን ዘመን ካነሳህ ሙሉውን አንሳው።

አባ መላ፦ እትዬ ጥሩ፣ ክብረት ይስጥልኝ። የተናገሩት እኮ የእኔን ሐሳብ ነው! ከቤት ሳይወጡ ነው ያሳደጉት። ካወቁበት ማለት ይኸው ነው።

የሰሚቷ፦ ቆይ! ጠላ ሸጠው ያገኙት ብር ገቢ አይደለም? አንተ እኮ አንድ ደመወዝ ነው ያልከው።

አባ መላ፦ ጠላ ደመወዝ ነው? የወር ደመወዝ ፔሮል ላይ የሚፈረም ነው።

ቀልደኛው፦ ገባኝ። ሴት ካልፈረመች አላገኘችም።

የቱሉ ዲምቱው፦ «ካወቁበት» የሚለው ቃል እንደ ላስቲክ እየተለጠጠ ነው። መጀመሪያ ሽንኩርት ነበር። አሁን ጠላ ገባበት። ቆይተን ደግሞ ዕቁብ፣ ከዚያ የአክስት ብር፣ ከዚያ ሎተሪ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ከሜሪላንድ ሰላም ብያለሁ። እናንተ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እዚህ ሁለት ልጅ ዴይኬር ማስገባት የባለቤቴን ደመወዝ እንዳለ ይበላዋል። ስለዚህ እሷ ቤት ናት። እኔ ቀን ፓርኪንግ እሠራለሁ፣ ማታ ኡበር እነዳለሁ። ልጆቼን የማያቸው ተኝተው ነው። እኛንም ሰው «በአንድ ገቢ የሚኖሩ» ይለናል።

ተከራይ ነኝ፦ ወንድም፣ በዶላር እያገኘህ እዚህ መጥተህ አታልቅስብን።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ኪራዩስ በምን የሚከፈል መሰለህ? በዶላር የሚያገኝ በዶላር ነው የሚከፍለው።

ተከራይ ነኝ፦ ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ 57 ብር አካባቢ ነበር። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። አንተ የምትልካት መቶ ዶላር እዚህ ስትደርስ ወፈረች። የኛ ደመወዝ ከሳ። ልዩነቱ ይህ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ ለማን እንደምልክ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? አያት አካባቢ የሚኖር ወንድም አለኝ። ሚስቱ ቤት ናት። እሱም እንደ አባ መላ «አንድ ደመወዝ ይበቃናል» ይላል፣ በየሰርጉ ቤት ያወራዋል። የልጆቹን ትምህርት ቤት የምከፍለው እኔ ነኝ። ተርም በደረሰ ቁጥር «እንዴት ከረምክ ወንድም ዓለም» የሚል ቮይስ ይመጣልኛል።

እትዬ ጥሩ፦ የእኔ ልጅ ደግሞ ዱባይ የሰው ልጅ ታሳድጋለች። የእሷን ልጅ የማሳድገው እኔ ነኝ። ጎረቤት ሲያየን አሮጊትና አንድ ልጅ በአባቱ ደመወዝ የምንኖር ነው የሚመስለው።

የሰሚቷ፦ እትዬ፣ እግዜር ያበርታዎት።

እኔም ወደ ሥራ ልመለስ ብዬ አስቤ ነበር። እሱንም ላስረዳችሁ። የድሮ ደመወዜ 10,000 ነበር፣ ተቆራርጦ 7,650። ሠራተኛ በደላላ ጠየቅኩ። «5,000፣ ልብስ አላጥብም፣ እሁድ እወጣለሁ» አለችኝ። አልፈርድባትም፣ እሷም ኑሮ አለባት። በዚያ ላይ ምግቧ አለ፣ የደላላው አለ፣ የእኔ ታክሲና ምሳ አለ። የሚተርፈኝ የልጄን ወተት አይገዛም። የወሊድ ፈቃዱ ከወሊድ በፊት 30፣ በኋላ 90 ቀን ነው። ከዚያ ሕፃኑን ለማን? አባትየው በግል ድርጅት ሕግ የሚሰጠው 3 ቀን ነው። 3 ቀን! እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚል እንግዳ እንኳ አላለቀም።

የቱሉ ዲምቱው፦ እኛ መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ ተከፍቷል። ባለቤቴ ብትሆን ነበር የምትጠቀምበት። እሷ ግን የግል ነው የምትሠራው። እኔ ልጁን ይዤ አውቶብስ ላይ ስወጣ ደግሞ ሰው ሁሉ እናቱ የሞተችበት ይመስል በሐዘን ነው የሚያየኝ።

አባ መላ፦ ይኸውላችሁ፣ ሁሉም ሰው ችግሩን ዘረዘረ። መፍትሔ ያመጣ የለም። የግል ኬጂ ማን አስገድዷችሁ ነው? የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ። ምገባ አለ፣ ዩኒፎርሙንም ደብተሩንም ከተማው ይሰጣል። ቅንጦት መርጦ በአንድ ደመወዝ አልቻልኩም ማለት አይገባኝም።

የቱሉ ዲምቱው፦ በዚህ አባ መላን እደግፋለሁ። የእኔ ትልልቆቹ መንግሥት ትምህርት ቤት ናቸው። ቁርስና ምሳ እዚያው ይበላሉ። ያ ምገባ ባይኖር ወሩን አልጨርስም ነበር።

የሰሚቷ፦ ቅንጦት? ሰፈራችን ያለው የመንግሥቱ ቦታ ሞልቷል ብሎ መለሰኝ። ሌላው ሁለት ታክሲ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ከነሕፃን ወንድሟ ሁለት ታክሲ ይዤ ልመላለስ? አንተ አንድ ቀን ልጅ አድርሰህ ታውቃለህ?

አባ መላ፦ ይህ የግል ጉዳይ ነው።

ቀልደኛው፦ አላደረሰም ማለት ነው።

ተከራይ ነኝ፦ ኧረ ዋናውን ነገር እየረሳችሁት ነው። ከኪራይ ውጪ ያለው ሁሉ ትርፍ ነገር ነው። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት አይነስ ይላል፣ አከራይ በፈለገው ጊዜ አይጨምር ይላል። ጥሩ ሕግ ነው፣ ተደስቼ ነበር። አከራዬ ምን አለኝ? «ውሉ ላይ ይሄን እንጽፋለን፣ ጭማሪውን በእጅ ታመጣለህ። ካልተመቸህ ልጄ ሊያገባ ነው፣ ቤቱ ይፈለጋል።» ልጁን አውቀዋለሁ። ዘጠነኛ ክፍል ነው። አሁን አባ መላ ሆይ፣ እዚህ ላይ የሚታወቅበት ነገር ካለ አሳውቀኝ።

አባ መላ፦ ክሰሰዋ! ሕግ አለ እያልክ።

ተከራይ ነኝ፦ ከስሼው የት ልደር?

ሒሳብ ሹም፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ባለፈው ክረምት እዚሁ ግሩፕ ላይ «አባቴ ግቢ ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ ቤት ጣሪያዋን ላድስ ነው፣ ሐቀኛ አናጺ ጠቁሙኝ» ያለው ማን ነበር? ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ። አባ መላ፣ አንተ ነህ አይደል?

የሰሚቷ፦ ኦሆሆ!

አባ መላ፦ ብሆንስ? ቤት መኖር ወንጀል ሆነ? ከአባት ከእናት ተስማምቶ አንድ ግቢ መኖርም እኮ ማወቅ ነው። ስንቱ ነው በሚስት ኩርፊያ ወጥቶ ኪራይ የገባው! እሱንም «ካወቁበት» ውስጥ ቁጠሩት።

ቀልደኛው፦ እውነቱን ነው፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ሰው ከመወለዱ በፊት የአባቱን ካርታ ማየት ነበረበት።

አባ መላ፦ ስድብ ከሆነ እወጣለሁ።

እትዬ ጥሩ፦ አትውጣ ልጄ፣ ማንም አልሰደበህም። ግን እናትህ ልጆችህን ይይዙልሃል አይደል? እሳቸውንም ቁጠራቸው።

አባ መላ፦ እናቴ ደስ ብሏት ነው የምትይዛቸው፣ እትዬ።

የሰሚቷ፦ እኔም ልጆቼን ስይዝ ደስ ይለኛል። ቁጠረኝ ነው ያልኩህ።

ሒሳብ ሹም፦ በነገራችን ላይ አንድ ሰው በግል መልእክት «ከግብር ነፃው 600 ብር ነው» ብሎ ሊያርመኝ ሞክሯል። እሱ የድሮው ነው። አሁን 2,000 ነው። እባካችሁ የድሮ ቁጥር አታሰራጩ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ፦ እዚህ ተርም ደርሶ ቮይስ መጥቶልኛል። ሥራ ልግባ፣ ደህና ሁኑ።

ተከራይ ነኝ፦ ክርክሩ ይቀጥል፣ እኔ ግን ቤት እየፈለግኩ ነው። ያለ ደላላ አንዲት ክፍል የሚያውቅ አለ? ቱሉ ዲምቱም ይሁን፣ ፈረንሳይም ይሁን። አባ መላ፣ ያቺ ሰርቪስ ቤት ባዶ ናት?

አባ መላ፦ ተከራይታለች።

ቀልደኛው፦ በስንት?