ዕቃው አለ፣ መምህራኑ ግን አይጠቀሙበትም፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የአይሲቲ መምህርት

ሰላም ለሁላችሁ። ከከተማ ወጣ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አይሲቲ አስተምራለሁ። ላባችን ውስጥ የሚሠሩ 20 ኮምፒውተሮች አሉ። ሁለት ፕሮጀክተርና አንድ ትልቅ ቲቪም አለን። ኢንተርኔት ያለው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን የለም።

ክረምት ላይ ለመምህራኑ ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። ወርድ፣ ኤክሴል፣ ፓወርፖይንት፣ ኢሜይል፣ ሁሉም በሁለት ቀን። ትምህርት ሲጀመር ግን አንዱንም ክፍል ይዞት የገባ የለም። አሁን ርዕሰ መምህሩ «አንቺ ታውቂበታለሽ፣ አግዢያቸው» ብለውኛል። ሥራውን ከልቤ እፈልገዋለሁ። ችግሩ አብዛኞቹ ታላላቆቼ ናቸው፤ እኔኑ ያስተማሩኝም አሉ። በአንድ ክፍል እስከ 60 ተማሪ አለ።

ሥልጠናውን ልድገመው? ወይስ ሌላ መንገድ አለ? ያለ ኢንተርኔትስ ምን ይሠራል? በተግባር ያያችሁትን ንገሩኝ።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር

ልጄ፣ ሥልጠናውን አትድገሚው። ኤክሴል የተማረ መምህር ነገ ጠዋት ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ምን ያድርገው?

ነባሮቹ ለምን እንደሚሸሹ ልንገርሽ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፕላዝማ ትምህርት ገባልን። ትምህርቱ በሳተላይት በቀጥታ ይመጣል፣ በእንግሊዝኛ። ለእኛ የተተወልን መጀመሪያና መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ነበር። ተማሪ እጁን ቢያወጣ ማስቆም አይቻልም። አንዱ ምሳሌ ሳይገባው ቴሌቪዥኑ ሌላ ምሳሌ ይጀምራል። መብራት ከሄደ የዚያ ቀን ትምህርትም አብሮ ይሄዳል። ሥዕሎቹ ጥሩ እንደነበሩ አልክድም። ላቦራቶሪ በሌለበት ያላየነውን ሙከራ አሳይተውናል። ግን ክፍሉ የእኛ አልነበረም። ይህን ያየ ሰው አዲስ ዕቃ መጣ ሲባል ቢጠራጠር አይፈረድበትም።

ስለዚህ መጀመሪያ ዕቃውን አታሳዪያቸው። «የትኛው ምዕራፍ ላይ ነው ተማሪ የሚቸገርብዎት?» ብለሽ ጠይቂ። የሚመልሱልሽ ነገር ላይ ብቻ ሥሪ።

አንድ ምሳሌ ልስጥሽ። ፊዚክስ ላይ ብዙ ተማሪ የሚስተው ሰርኪት (የኤሌክትሪክ ዑደት) ነው። ፌት (PhET) የሚባል ነጻ ሲሙሌሽን አለ፤ ሙከራን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። በ2002 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የኖቤል ተሸላሚው የፊዚክስ ሊቅ ካርል ዋይማን በአሜሪካ ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ያስጀመረው ነው። ባትሪ፣ ሽቦና አምፖል በማውዝ እየጎተትሽ ታገናኛለሽ። መምህሩ አንድ አምፖል አብርቶ ይቁምና ይጠይቅ፦ «ሁለተኛ አምፖል በሲሪየስ (በዚያው መስመር ላይ አከታትዬ) ብጨምር ምን ይሆናል?» ብዙዎቹ «የመጀመሪያው እንዳለ ይበራል፣ ሁለተኛው ይደክማል» ይላሉ፤ ከረንቱን (የኤሌክትሪክ ፍሰቱን) የመጀመሪያው አምፖል የሚጨርሰው ይመስላቸዋል። እጅ አስወጥቶ ይቁጠር። ከዚያ ይጨምር። ሁለቱም እኩል ይደክማሉ። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ የሚነሳውን ክርክር ብትሰሚው! እዚያ ላይ ማሽኑን አቁሞ ማስረዳት የመምህሩ ፋንታ ነው። ማቆሚያው በእጁ መሆኑን ሲያይ ፍርሃቱ ይለቀዋል።

መልስ፦ የላብ ቴክኒሻን

መምህር ያሉት ፌት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። እያንዳንዱን ሲሙሌሽን ለየብቻ ማውረድ ይቻላል፤ በብሮውዘር የሚከፈት አንድ ፋይል ነው። ኤችቲኤምኤል 5 (HTML5) የሚለውን ምረጪ። የድሮዎቹ ጃቫ ስለሚጠይቁ ያስቸግሩሻል። ቢሮው ኢንተርኔት ያለው ቀን አውርደሽ በፍላሽ ለሁሉም ገልብጪ። ፍላሹን መጀመሪያ በአንቲቫይረስ አስፈትሺ፤ የትምህርት ቤት ፍላሽ የማያመጣው ቫይረስ የለም።

ሁለተኛው ኮሊብሪ (Kolibri) የሚባል የመማሪያ ፕሮግራም ነው። ይህም ነጻ ነው። የተሠራው ኢንተርኔት ለሌለበት ትምህርት ቤት ነው። አንዱን ጠንከር ያለ ኮምፒውተር ሰርቨር (ይዘቱን ለሌሎቹ የሚያድል) ታደርጊዋለሽ። ካን አካዳሚ የሚባለው ነጻ የትምህርት ድረ ገጽ ቪዲዮና መልመጃ እዚያ ላይ ይጫናል። የቀሩት 19 ኮምፒውተሮች በስዊች (ኬብሎቹ የሚሰኩበት ማገናኛ ሳጥን)ና በኬብል ከተገናኙ ብሮውዘር ከፍተው የሰርቨሩን አይፒ አድራሻ (የኮምፒውተሩን መለያ ቁጥር)፣ ሁለት ነጥብ (:) እና 8080 መጻፍ ነው። ኢንተርኔት አያስፈልግም። የሰርቨሩ አይፒ እንዳይቀያየር ቋሚ አድርጊው፤ አለበለዚያ ትናንት የሠራው ዛሬ አይከፈትም፣ መምህሩም ሁለተኛ አይመጣም።

ይዘቱ ከባድ ስለሆነ ሁሉንም ላውርድ አትበዪ። የምትፈልጊውን ርዕስ ብቻ መምረጥ ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ ወይም ከተማ ያለ ሰው ካለሽ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ አስጭነሽ አምጪው። አብዛኛው ይዘት እንግሊዝኛ ነው፤ ለሁለተኛ ደረጃ ግን መጽሐፉም እንግሊዝኛ ስለሆነ ያግዛል።

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህርት

እኔ ከእነዚያ «ታላላቆች» አንዷ ነኝ፣ ስለዚህ ከእነሱ ወገን ልናገር።

የምንፈራው ማሽኑን አይደለም። ተማሪ ፊት መቸገርን ነው። 60 ልጅ እያየሽ ፕሮጀክተሩ «ሲግናል የለም» ሲል፣ ከኋላ ያለው ልጅ «ቲቸር፣ ልምጣ?» ሲል ላብ ያጠምቃል። ስለዚህ ልምምዱ ባዶ ክፍል ውስጥ ይሁን። አንድ መምህር፣ አንቺ፣ በሩ ዝግ። ኬብሉን እሳቸው ራሳቸው ይሰኩት፤ ኤችዲኤምአዩ የት እንደሚገባ በእጃቸው ይወቁት። የዊንዶውስንና የፒ (P) ቁልፎችን አንድ ላይ ሲጫኑ ስክሪኑ እንዴት እንደሚወጣ ይዩት። ነቅለው እንደገና ይሰኩት።

አደራ የምልሽ አንድ ነገር ግን አለ። ማውዙን ከእጃቸው አትውሰጂ። ወጣቶች ስታግዙን «እንዲህ ነው» ብላችሁ ቀምታችሁ ቶሎ ቶሎ ትጫናላችሁ። ፈጣን ናችሁ፣ እኛ ግን ምንም አልተማርንም። እጅሽን ወደ ኋላ አድርገሽ በአፍሽ ብቻ ንገሪያቸው። ቢቆይም ይቆይ። ከዚያ በቀለም የተሞላች ግማሽ ገጽ በአማርኛ ጽፈሽ ስጫቸው፦ መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ይህን። እኔ የመማሪያ መጽሐፌ ሽፋን ላይ ለጥፌአታለሁ።

መጀመሪያ ክፍል ሲገቡም አብረሽ ግቢ። ከኋላ ተቀመጪ። ካልተጠራሽ አትነሺ።

መልስ፦ ምክትል ርዕሰ መምህር

ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን ንብረት ክፍልን ካልፈታችሁ ከንቱ ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ፕሮጀክተሩ በሞዴል 22 (የንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ) በአንድ ሰው ስም ወጪ ይሆናል። ከተሰበረ የሚከፍለው ያ ሰው ነው። በመምህር ደመወዝ ማን ነው የሚደፍረው? ዕቃው ከነካርቶኑ የሚያረጀው ለዚህ ነው።

ርዕሰ መምህሩን ሁለት ነገር ጠይቂያቸው። አንደኛ፣ በሥራ ላይ እያለ በአግባቡ ሲያዝ የተበላሸ ዕቃ መምህሩን እንደማያስከፍል በቃለ ጉባኤ ይያዝ። ሁለተኛ፣ የላቡ ቁልፍ ከአንድ ሰው በላይ ጋር ይሁን። የቁልፍ ያዡ ክፍለ ጊዜ ከሌላው ጋር ከተጋጨ ላቡ ተዘግቶ ይውላል።

ልምምዱንም በተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ሰዓት ውስጥ አስገቢው። መምህሩ ለፖርትፎሊዮው (ለሙያ ማኅደሩ) መሙላቱ አይቀርም፤ ወረቀት ብቻ ከሚሞላ በዚህ ይሙላ።

ጠያቂዋ፦

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ጋሼ፣ የሰርኪቱን ለፊዚክስ መምህራችን አሳየኋቸው፤ «ይቺን ብቻ አስተምሪኝ» አሉ። የማውዙ ነገር ደግሞ እውነት ነው፣ ሌሎች ሲያደርጉት አይቻለሁ።

ሁለት ነገር ቀረኝ። 60 ተማሪ በ20 ኮምፒውተር እንዴት ላድርግ? ስልክ በግቢው የተከለከለ ነው። ሌላው፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን ፈተና በቻትጂፒቲ (ሲጠየቅ ጽሑፍ በሚያዘጋጅ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ፕሮግራም) ማውጣት ጀምረዋል። ላበረታታቸው?

መልስ፦ የላብ ቴክኒሻን

ለአንድ ኮምፒውተር ሦስት ልጅ ይመጣል። ያለ ሥራ ድርሻ ከተቀመጡ ማውዙን የሚይዘው ሁልጊዜ ያው ጎበዙ ወንድ ልጅ ነው። አንዱ ማውዝ ይያዝ፣ አንዱ ጥያቄውን ያንብብ፣ አንዱ ይጻፍ። በየ10 ደቂቃው ይቀያየሩ። ሰዓቱን መምህሩ ይጥራ። ሴቶቹ ማውዝ እንዲይዙ ይህ ብቻ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ፈተናን በኦንላይን የሚወስዱ ተማሪዎች ስላሉ፣ ማውዝ ሳይነካ 12ኛ የሚደርስ ልጅ ሊኖር አይገባም።

ላብ መግባት ሳይመቻችሁ ሲቀር በአንድ ፕሮጀክተር ብቻም ይሠራል። ለእያንዳንዱ ተማሪ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተጻፈባቸው አራት ወረቀቶች ይሰጡት። ጥያቄው ስክሪን ላይ ይወጣል፣ ሁሉም በአንዴ ያነሣሉ። መምህሩ በአንድ እይታ ማን እንዳልገባው ያያል።

መልስ፦ የባዮሎጂ መምህርት

ስለ ቻትጂፒቲው እኔ ልመልስ፣ እጠቀምበታለሁና። ምንባብና የጥያቄ ረቂቅ ሲያወጣ ብዙ ጊዜ ይቆጥብልኛል። ግን የመልስ ቁልፉን አትመኑት። ሁለት ትክክል መልስ ያለው ጥያቄ ያወጣል፣ በሙሉ ልብ የተሳሳተም ይመልሳል። መምህሩ ፈተናውን ራሳቸው ቁጭ ብለው ይሥሩት፣ ከዚያ ከቁልፉ ጋር ያመሳክሩ። የተማሪ ስምና ውጤት ግን በፍጹም እንዳያስገቡበት ንገሪያቸው።

በአማርኛ ሲጽፍ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ይወላገዳል። ለአማርኛ መምህራችሁ ይህን አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ተማሪ እጅ ከመግባቱ በፊት ያርሙት።

መልስ፦ ጡረታ የወጣ የፊዚክስ መምህር

የፊዚክስ መምህራችሁ «ይቺን ብቻ» ካሉ ይቺን ብቻ አስተምሪያቸው። ሌላ አትጨምሪ። ሲመቻቸው ሰርኪቱን ለሌሎቹ የሚያሳዩት እሳቸው ይሁኑ፤ ነባር መምህር የሚሰማው የዕድሜ እኩያውን ነው።

መብራት ከሄደም ብላክቦርዱ ላይ የሚቀጥሉበት አጭር ማስታወሻ በኪሳቸው ይኑር። ፕሮጀክተሩን መብራት ሲመለስ የሚመጣው ኃይል እንዳያቃጥለው፣ ልክ እንደጠፋ ከሶኬቱ ይንቀሉት። ትምህርት ቤቱ ስታቢላይዘር ከሌለው የሚቀጥለው በጀት ላይ ይጠየቅ፣ ሌላ ፕሮጀክተር ከመግዛት ይቀድማል።