ጅማ ኤርፖርት፦ ከአውሮፕላን ጀርባ ስንት ሜትር መራቅ ይበቃል?

ፎርማን_ጅማ
ሰላም ለሁላችሁ። ጅማ ኤርፖርት ኤፕረኑ (የአውሮፕላን ማቆሚያው) ዳር የዝናብ ውሃ መውረጃ ቦይ ልንጠግን ነው፣ በረራውም አይቋረጥም። ቦታውን በቆርቆሮ አጥረን አሸዋና ሲሚንቶውን እዚያው ልናራግፍ አስበናል። የሚመጣው አብዛኛው ባለ ፕሮፔለሩ ኪው400 ነው፣ አንዳንዴ ጄቱ 737። ፕሮፔለር ያለው ብዙ አያሰጋም የሚሉ አሉ። ስንት ሜትር ይበቃል? ሠራተኛው መቼ ይቁም?

ራምፕ_12
ከሜትሩ በፊት አውሮፕላኑ እንዴት እንደሚወጣ ጠይቅ። ቦሌ ተርሚናሉ ጋ የቆመ ጄት በትራክተር ተገፍቶ ይወጣል። ክልል ላይ ግን ብዙ ጊዜ በራሱ ሞተር ታጥፎ ነው የሚሄደው። ሲታጠፍ ጭራው ይዞራል፣ ንፋሱም አብሮት ይዞራል፤ ቅድም ጎኑ የነበረ ሰው አሁን ጀርባው ነው። የኤፕረኑን ፕላን አውጥተህ ከቆመበት እስከ ታክሲዌይ (ወደ ማኮብኮቢያው የሚወስደው መንገድ) የሚዞርበትን መስመር ሥራ፣ ጭራው የሚያይበትን ሁሉ አቅልመው። ቦይህ ቀለሙ ውስጥ ከገባ አውሮፕላን ሲንቀሳቀስ ሰው እዚያ አይኖርም፣ በቃ።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ 737 ሞተሩ በዝቅተኛው (አይድል) ሲሠራ ከጀርባው 30 ሜትር የተከለከለ ነው። ለመነሳት ሙሉ ጉልበት ሲሰጥ ከ500 ሜትር በላይ ይሄዳል። እኔ የምፈራው መሃሉን ነው፦ ከቆመበት ጎማውን ለማስነሳት ጋዝ ጨመር የሚደረግባትን ቅጽበት። ጭነቱ ከከበደ፣ መሬቱ ዳገት ካለው፣ ይባስ ብሎ መታጠፊያው መሃል ላይ ከቆመ፣ የሚጨመረው ጋዝ ይበዛል። መሃል ላይ እንዲቆም የሚያደርገው ደግሞ መንገዱ ላይ የተተወ ጋሪ ወይም ኮን ነው። ስለዚህ ከፊቱም አጽዱለት።

ፊቱን ካነሳን፣ የ737 ሞተር ከመሬት ግማሽ ሜትር እንኳ አይርቅም። በአይድል 3 ሜትር ዙሪያው ሰው ይስባል። አሸዋማ ከሰው በፊት ነው የሚገባው።

ንፋስ_ቆጣሪ
ቆርቆሮውን እርሳው። ለሰውና ለዕቃ በተለምዶ የሚወሰደው የንፋስ ጣሪያ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትር ነው። 2 ሜትር በ80 ሳንቲም የሆነ አንድ ቆርቆሮ ፊት ለፊት ሲመታ በዚያ ፍጥነት 23 ኪሎ ያህል ይገፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፣ ወደ 92 ኪሎ። አጣና ላይ በሁለት ሚስማር የተመታ ቆርቆሮ ይህን አይችልም፤ ሲነቀል ደግሞ የሚበር ቢላዋ ነው።

ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፣ ግፊቱም ይቀንሳል የሚል ካለ አትቀበሉት። አውሮፕላኑን ለማንቀሳቀስ የሚያስፈልገው ኃይል ያው ነው። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ያንኑ ኃይል ለማግኘት አየሩን በበለጠ ፍጥነት ይወረውረዋል። ቅናሽ የለም።

የሽቦ አጥርም አይከልልም። ሴንት ማርተን ደሴት ላይ በ2017 የሞተችው ቱሪስት የሽቦ አጥር ይዛ ነበር የቆመችው።

ስድስት_ቅጠል
ፕሮፔለር አያሰጋም ያለህ ሰው ከኋላው ቆሞ አያውቅም። የኪው400 ፕሮፔለር ስድስት ቅጠል አለው፣ ወርዱ 4.1 ሜትር፣ በሙሉ ፍጥነት በደቂቃ 1,020 ጊዜ ይዞራል። ሰው የሚያታልለው ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ቅጠሎቹ ፌዘር ላይ ሆነው ማለትም ስለታቸውን ወደ ፊት አዙረው ሲዞሩ ነው። ያኔ ንፋሱ ትንሽ ነው፣ ሠራተኛውም ይሄው ነው ብሎ ይጠጋል። ፓይለቱ ከፌዘር ሲያወጣው ድምፁ ይለወጣል፣ ንፋሱም በአንዴ ይመጣል። ከሩቅ የቆመ መንገደኛ ነጠላው ከትከሻው ተነስቶ ፊቱ ላይ ሲጠቀለል ካየህ ያ ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ጃንጥላ አለ፤ ራምፕ (ኤፕረኑ) ላይ የተዘረጋ ጃንጥላ እኔ በጭራሽ አልፈቅድም።

ፕሮፔለሩ ሲዞር ቅጠሉ ለዓይን ይጠፋል። ሞተር ከጠፋም በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪቆም በፊቱ አትለፉ፣ ከስሩም አትሹለኩ።

ፎርማን_ጅማ
አመሰግናለሁ። ታዲያ አውሮፕላኑ ላይ ያለው ቀዩ መብራት (ቢከን) ሲበራ ነው የምናቆመው?

ራምፕ_12
ያኔ ዘግይተሃል። ቀዩ ቢከን ሞተር ሊነሳ ነው ወይም እየሠራ ነው ማለት ነው፤ አካፋ የያዘ ሰው ቦይ ውስጥ ሆኖ አያየውም። በረራው ሲያርፍ አንዴ፣ የመንገደኛ በር ሲዘጋ አንዴ ከራምፕ ኃላፊው ጋር በሬዲዮ ተነጋገሩ፣ ሠራተኛው በዚያ ይውጣ። ለዚህ ብቻ የቆመ፣ ሌላ ሥራ የማይነካ አንድ ሰው ፊሽካ ይዞ ይኑር። መመለስ ደግሞ፣ ገቢ ከሆነ ሞተር ጠፍቶ ቢከኑ ሲጠፋ፣ ወጪ ከሆነ አውሮፕላኑ ከአካባቢው ርቆ የበረራ መቆጣጠሪያ ታወሩ ሲፈቅድ።

አሸዋውን ውጭ አራግፉ፣ የዕለቱን ብቻ በጋሪ አስገቡ። የተረፈውን በሸራ ሸፍናችሁ ዙሪያውን በአሸዋ ከረጢት ተጫኑት፣ ድንጋይ አታስቀምጡበት። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት እንደተራገፈ ወዲያው ክዳን ያለው በርሜል ውስጥ ይግባ። በቁጥር ተረከቡ፣ በቁጥር አስረክቡ፤ 20 ገብቶ 19 ከወጣ ቀጣዩ በረራ ከመምጣቱ በፊት አንዷን ፈልጓት።