የዕቅድ ውይይት፦ ከክረምቱ እርሻ በፊት ማርሚታና የጆሮ መከላከያ

ፀሐፊ፦
ባለፈው እንደተባባልነው የባለትራክተሮች ማህበራችን ረቂቅ ይኸው። ማርሚታቸው፣ ማለትም የጭስ ቱቦው ድምፅ ማፈኛ፣ የበሰበሰ ወይም የተቆረጠ ትራክተሮች ከክረምቱ በፊት አዲስ ይገጠምላቸው። ለእያንዳንዱ ትራክተር ሁለት የጆሮ መከላከያ ይገዛ፤ አንዱ ለኦፕሬተሩ፣ አንዱ ለረዳቱ። የድምፅ መለኪያ ተውሰን ሁሉንም እንለካ። ግማሹ ወጪ ከሳጥናችን ይወጣል፣ ግማሹን ወረዳውን እንጠይቃለን። እስከ ሐሙስ ጻፉ። ሐሙስ ማህተም ይመታል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሳጥኑ ውስጥ ያለው የጎማ ገንዘብ ነው። አምና ለጎማ ብለን ሰበሰብን፣ ለጎማ ሳይውል ከረመ። አሁን ደግሞ ማርሚታ መጣ። የኔ ትራክተር ማርሚታው ደህና ነው። ለሰው ማርሚታ የምከፍለው በምን ሂሳብ ነው?

የባቲ መንገዱ፦
ከገንዘቡ በፊት አንድ ነገር ይመለስልኝ። አዲሱ ማርሚታ ቁመቱ ምን ያህል ነው? ማሲ ፈርጉሰን ትራክተሬ ላይ ጃንጥላ አስሬአለሁ። ቱቦው ከረዘመ ጭሱ ጃንጥላው ስር ገብቶ ኦፕሬተሬን ያፍነዋል። መጀመሪያም የቆረጥኩት ለዚሁ ነው።

ኦፕሬተሩ፦
ጨፋ ላይ ስንት ክረምት እንዳረስኩ ታውቃላችሁ። ማታ ስተኛ ጆሮዬ ይጮሃል። ሲነጋም ይጮሃል። ሰው ሲያናግረኝ ድምፁ ይሰማኛል፣ ምን እንዳለ ግን አይለይልኝም። የወንድ ድምፅ ይሻላል። ሴትና ልጅ ሲያወሩ ከንፈራቸውን ነው የማየው። ስልክ ላይ ደግሞ ከንፈር አይታይም። ልጄ ስትደውል ምን እንደጠየቀችኝ ሳላውቅ እሺ እሺ እላታለሁ። ደሴ ድረስ ወጥቼ ታይቻለሁ። ከጆሮ ውስጥ የሞተው ተመልሶ አይበቅልም፣ መድኃኒትም የለውም ነው ያሉኝ። እኔ አንዴ ሆኖብኛል። ረዳቴ ግን ገና ልጅ ነው። ማረሻውን ሲያይ፣ ውሃ ሲያቀብል፣ ቀኑን ሙሉ ከዚያ ጩኸት አጠገብ ነው። እባካችሁ ይቺን ነገር ጨርሱልን።

ሐጂ ከሐርቡ፦
አላህ ያሽርህ ልጄ። እኔ ግን 30 ዓመት ምንም ሳላደርግ ነድቻለሁ። ጆሮዬ ደህና ነው። ጥጥ መወተፍ ይበቃል።

ገንዘብ ያዥ፦
ሐጂ፣ አንቱን በስልክ ስናናግር የምንጮኸው ለምን ይመስልዎታል?

ሐጂ ከሐርቡ፦
ኔትወርኩ ነው።

መካኒኩ፦
ጥጥ አይበቃም። ድምፁን የሚቀንሰው በጣም ትንሽ ነው።

ነገሩን ላስረዳ። የጩኸት መጠን የሚለካው በዴሲቤል ነው። ሰው በቀን 8 ሰዓት ቢቆይበት ጉዳቱ አነስተኛ ነው ተብሎ የሚወሰደው ልክ 85 ዴሲቤል ነው። ከዚያ በላይ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት። 91 ላይ 2 ሰዓት። 94 ላይ 1 ሰዓት። 100 ላይ ከደረሰ 15 ደቂቃ ብቻ ነው። ካቢን የሌለው አሮጌ ትራክተር ጭነት ይዞ ሲያርስ ኦፕሬተሩ ጆሮ ጋ ከ90 ማለፉ የተለመደ ነው። ማርሚታው ከተነሳ ይብሳል። እናንተ ደግሞ በክረምት ጎህ ሲቀድ ወጥታችሁ ሲመሽ ነው የምትገቡት።

ቱቦ ሲቆረጥ ጉልበት ይጨምራል የሚሉት ወሬ ነው። የሚጨምረው ጩኸት ነው። ትራክተሩ ሜዳ ላይ ያድራል፣ ቱቦው ላይ ጣሳ የሚደፋበት የለም፣ ዝናቡ ይገባል፣ ማርሚታው ከውስጥ በስብሶ ያልቃል። ቱቦው ከሞተሩ የሚገጥምበት የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ሲቃጠልም ይጮሃል። የኮፋኖው (የሞተር ክዳኑ) ቡሎን ሲላላም ይጮሃል። ቡሎን ማጥበቅ ገንዘብ አይጠይቅም። ደግሞ ቀላል ሥራ ላይ ማርሽ ከፍ አድርጋችሁ ጋዙን ቀንሱት። ድምፁም ይቀንሳል፣ ናፍታም ይተርፋል።

የባቲ መንገዱ፦
ቁመቱን አልነገርከኝም።

መካኒኩ፦
ፋብሪካው እንደሠራው ነው የምገጥመው።

የባቲ መንገዱ፦
ፋብሪካው ባቲ መንገድ ላይ አላረሰም። የእኛን ፀሐይ ደሴ ተቀምጦ ረቂቅ የሚጽፍ ሰው አያውቀውም።

የደሴው፦
ደሴ ያለ ሰው ምን አደረገህ? ትራክተሬ ከሚሴ መስመር ላይ ነው የሚሠራው። ፀሐዩን አውቀዋለሁ። ደሴ ብርድ ስለሆነ እኛ ባለትራክተር አይደለንም ማለት ነው? መዋጮ ሲሆን ግን የሚደወለው እኛ ጋ ነው።

የባቲ መንገዱ፦
ስለ ጃንጥላ ነው የጠየቅኩት። ስለ መዋጮ ማን አወራ?

ወጣቱ፦
የድምፅ መለኪያውን እኔ አመጣለሁ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር ጓደኛ አለኝ። ቅዳሜ እለካለሁ፣ አብሽሩ።

ፀሐፊ፦
በጣም ጥሩ። ወጣቱ መለኪያውን ይዟል። የመከላከያውን ዋጋስ ማን ያጣራል?

የደሴው፦
እኔ። አዲስ አበባ ስለምሄድ መርካቶ እጠይቃለሁ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ለሠራተኛ የአደጋ መከላከያ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ስለዚህ ኦፕሬተር ቀጥሮ የሚያሠራ ሰው ከሳጥኑ ሳይጠብቅ ሊገዛ ይገባዋል።

ሐጂ ከሐርቡ፦
አሁን ደግሞ ልትከሱን ነው? ኦፕሬተሬ እቤቴ ነው የሚበላው። እንደ ልጄ ነው። አዋጅ ተቆጥሮብኝ አያውቅም።

የደሴው፦
ሐጂ፣ አንቱን አላልኩም። ሕጉን ነው ያልኩት።

ሐጂ ከሐርቡ፦
ሕጉን ለአንተ ትራክተር አንብብለት። እኔ ከዚህ ወጥቻለሁ።

የገርባው፦
ሐጂ አይውጡ። እኔ ጃንጥላውን ወደ ኋላ አስሬ ነው የምነዳው፣ ጭስ አይደርሰኝም። ከመቀመጫው ጀርባ ብረት በይዳችሁ እሰሩት።

የባቲ መንገዱ፦
ወደ ኋላ ከታሰረ ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመታል። ሞክሬዋለሁ።

የገርባው፦
ታዲያ ቱቦው ጫፉ ላይ ወደ ጎን ይታጠፍ።

የባቲ መንገዱ፦
ወደ ጎን ከታጠፈ ረዳቱ ላይ ነው። ስትዞር ደግሞ ነፋሱ ይመልሰዋል።

መካኒኩ፦
ወንድሜ፣ ቱቦው አጭር ሲሆን እኮ ጭሱም ድምፁም ቀጥታ ፊት ላይ ነው የሚመጣው። ረዘም ሲል ከራስ በላይ ያልፋል። ጃንጥላውን አንድ ስንዝር ዝቅ አድርገው።

የባቲ መንገዱ፦
ዝቅ ካለ ራሱን ይነካል። ኦፕሬተሬ ቁመቱን ታውቀዋለህ።

ገንዘብ ያዥ፦
ከትናንት ጀምሮ የምናነበው ስለ አንድ ጃንጥላ ነው። ገንዘቡ ከማን እንደሚወጣ እስካሁን ማንም አልመለሰልኝም።

የገርባው፦
ለምን ጃንጥላውን ትተን ጣሪያ አንሠራም? አራት ቋሚ ብረት፣ ከላይ ላሜራ። ኮምቦልቻ ያለ በያጅ ሁሉ ይሠራዋል። ፀሐዩም ዝናቡም አለቀ። ቱቦው እንደፈለገው ይርዘም።

የባቲ መንገዱ፦
ይሄ ነው ሐሳብ ማለት። እኔ እዚህ ላይ እፈርማለሁ።

ሐጂ ከሐርቡ፦
ጣሪያ ከሆነ እኔም አለሁበት። ባለፈው ክረምት ልጁ በዝናብ ታሟል።

ገንዘብ ያዥ፦
ጣሪያ ሁላችንም የለንም። ሁላችንም ከተጠቀምን ከሳጥኑ ቢወጣ አልቃወምም። ወረዳውም መጥቶ የሚያየው ነገር ሲሆን ቶሎ ይፈርማል።

መካኒኩ፦
ቆይ። ባዶ ላሜራ ከራስ በላይ ከገጠማችሁ ድምፁን መልሶ ኦፕሬተሩ ጆሮ ላይ ነው የሚያወርደው። ካልተጠበቀም ራሱ ይንቀጠቀጣል። ጣሪያውን ሠርታችሁ ማርሚታውን ከተዋችሁት ሰውየው ከዛሬው የባሰ ጩኸት ውስጥ ነው የሚውለው። ጣሪያ ጥሩ ነው። ግን መጀመሪያ ማርሚታ፣ ከዚያ ውስጡ የተለበጠ ጣሪያ። ልባሱም እሳት የማይዘው ይሁን፣ ቱቦው ቅርብ ነው።

የገርባው፦
ልባስ ሲጨመር ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ለዘንድሮ ላሜራው ይበቃል።

ኦፕሬተሩ፦
የጆሮ መከላከያውስ?

ገንዘብ ያዥ፦
እሱ ላይ ጥያቄ አለኝ። ኦፕሬተሩ ሥራ ቢለቅ ይዞት ይሄዳል?

ኦፕሬተሩ፦
ቁልፉን መልሼ አይደል የምሄደው? እሱንም እመልሳለሁ።

መካኒኩ፦
የአንዱን ላብ ሌላው አያድርግ። ለየሰዉ ነው የሚገዛው። ደግሞ ከኮፍያና ከወፍራም ሻሽ ላይ ከተደረገ ድምፁ በስንጥቁ ይገባል። ጆሮ ላይ ግጥም ማለት አለበት። ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ግማሹን ያህል ቢቀንስላችሁ ጥሩ ነው። እሱም ቢሆን ትልቅ ነገር ነው። በፀሐይ ላስቲኩ ሲሰነጠቅ ይቀየራል። ሽመና ማሽን ጋ የሠራ ዘመድ ያለው ይጠይቅ፣ ያለ እሱ እዚያ መዋል ምን እንደሆነ ይነግረዋል።

ፀሐፊ፦
ወጣቱ፣ መለኪያው ምን ላይ ደረሰ? ቅዳሜ አልፏል።

ፀሐፊ፦
ወጣቱ?

የገርባው፦
ስልኩ አይሠራም። ራያ ነው ያለው አሉ።

ፀሐፊ፦
የደሴው፣ የመርካቶውን ዋጋ እየጠበቅን ነው።

የደሴው፦
አልተመቸኝም። በሚቀጥለው ስሄድ አያለሁ። ሐጂ፣ ባለፈው በተናገርኩት ቅር ብሎዎት ከሆነ አፉ በሉኝ።

ሐጂ ከሐርቡ፦
አፉ ብያለሁ። ስታልፍ ግባና ቡና ጠጣ።

ፀሐፊ፦
ሐሙስ ስለሆነ የተስተካከለውን አስቀምጣለሁ። "ለአባላት ትራክተሮች የላሜራ ጣሪያ ማሠሪያ፣ ግማሹ ከማህበሩ፣ ግማሹ ከወረዳው። ማርሚታ እንደ አስፈላጊነቱ። የጆሮ መከላከያ በጀት ከተረፈ።" የድምፅ ልኬቱን ሰርዤዋለሁ፣ መለኪያ ስለሌለን።

መካኒኩ፦
"እንደ አስፈላጊነቱ" የሚለውን አልቀበልም። ማርሚታ የሌለው ትራክተር ላይ ጣሪያ አልበይድም። ሌላ በያጅ ፈልጉ።

የባቲ መንገዱ፦
ሌላ በያጅ ሞልቷል።

ፀሐፊ፦
የመካኒኩን ተቃውሞ በቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። የሚደግፍ ካለ እስከ ማታ ይጻፍ።

ኦፕሬተሩ፦
እኔ እደግፋለሁ። ድምፅ የለኝም፣ ባለንብረት አይደለሁም፣ ግን ይጻፍልኝ። ለረዳቴ የሚሆነውን ከራሴ እገዛለሁ። ኮምቦልቻ የት እንደሚሸጥ የሚያውቅ ይንገረኝ።

ገንዘብ ያዥ፦
ስታገኝ ዋጋውን እዚሁ ጻፈው። ለኔም ኦፕሬተር አንድ ያዝልኝ፣ ከኪሴ ነው የምከፍለው።