ኮሮላዬ ስትሞቅ አልነሳ አለች

ድሬዳዋ ነኝ። መኪናዬ የ2004 ሞዴል ኮሮላ ናት፣ ቤንዚን። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ከሐረር የደንገጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ከዚራ ሰፈር አቁሜ ዳቦ ገዝቼ ስመለስ ግን እምቢ! ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ ያዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። የአርፒኤም (የሞተር ዙር) ቀስቱም ከዜሮ ንቅንቅ አይልም። ኮፈኑን ከፍቼ ጥላ ስር 40 ደቂቃ ስጠብቅ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። (የድሬ ሙቀት እንኳን መኪና ሰውም አያስነሳ።)

ባትሪውም ካንዴላውም አዲስ ነው። በኮምፒውተር ስትታይ ፒ0335 አወጣች፣ የክራንክሻፍት ሴንሰር (የሞተሩን ዋና ዘንግ መዞር የሚያነበው) መስመር ችግር ማለት ነው። ከሌላ መኪና የተፈታ ሴንሰር አስገባሁ። ሁለት ሳምንት ሠርታ ያው ሆነች። አሁን ሳየው ሶኬቱ ጋ ያለው ሽቦ ልባሱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

አዲስ ሴንሰር ከመግዛቴ በፊት፣ ጥፋቱ የሽቦው ይሁን የሴንሰሩ ሞተሩ እንደጋለ በመልቲሜትር እንዴት ልለይ?