ኢስታንቡል በሁለት ቀን፦ የቱን ልተው?

ጠያቂ፦ ሰኞ ማታ ገብቼ ሐሙስ ማለዳ እመለሳለሁ። በእጄ ያሉት ማክሰኞና ረቡዕ ብቻ ናቸው። አያ ሶፊያን፣ የቶፕካፒን ቤተ መንግሥት፣ ከመሬት በታች ያለውን ጥንታዊ የውኃ ማጠራቀሚያና ታላቁን የገበያ አዳራሽ ለማየት አስቤያለሁ። ጉልበቴን ያመኛል፤ ረጅም ሰልፍ አልችልም። የቱን ልሰርዝ?

መልስ 1፦ ቶፕካፒ ማክሰኞ ዝግ ነው። እኔ ይህን ያወቅሁት በሩ ላይ ቆሜ ነው፤ ያውም በዝናብ! ለረቡዕ ጠዋት ይያዙት። ገበያውን ይሰርዙት፤ ግፊያው ለጉልበት አይሆንም።

መልስ 2፦ የውኃ ማጠራቀሚያውን ግን እንዳይተዉት። ከአያ ሶፊያ መንገድ ተሻግሮ ነው። 336 ዓምዶች በደብዛዛ ብርሃን ውኃው ላይ ያንጸባርቃሉ። ወደ ጥጉ ሲዘልቁ በሁለት ዓምዶች ሥር በግሪክ አፈ ታሪክ ፀጉሯ እባብ የሆነችውን የሜዱሳን ራስ ከድንጋይ ተቀርጾ ያገኛሉ፤ አንደኛው ተዘቅዝቋል፣ ሌላኛው በጎኑ ተጋድሟል። እኔ ከቤተ መንግሥቱ ወርቅ ይልቅ የማስታውሰው እነዚህን ነው። ደረጃው ስለሚረጥብ ቀስ ይበሉ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ገበያው ተሰርዟል። የማክሰኞ ከሰዓት በኋላዬ ግን ባዶ ቀረ።

መልስ 1፦ ከኤሚኖኑ ወደ ካዲኮይ በጀልባ ይሻገሩ። ተቀምጠው ከአውሮፓ እስያ ይደርሳሉ፤ ጉልበትዎም ያርፋል።